ተርኒቲኑ 38 በመቶ አለኝ፤ ከፍዬ ላስቀንሰው?

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ አንድ ቀን እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። 34 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በአንድ የክልል ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ነኝ። ማስተርሴን ቅዳሜና እሁድ እየተማርኩ እዚህ ደርሻለሁ። ቴሲሴ (የመመረቂያ ጽሑፌ) በወረዳችን የአንደኛ ደረጃ መምህራን የሥራ ተነሳሽነት ላይ ነው።

ዲፌንስ (ጽሑፌን በፈታኞች ፊት ማስረዳት) ልቀርብ የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ክፍሉ ጽሑፌን ተርኒቲን (ጽሑፍ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚያሳይ ፕሮግራም) ውስጥ አስገብቶት 38 በመቶ ወጣ። ከ20 በታች ካላወረድሽው ዲፌንስ የለም ተባልኩ።

እውነቱን ልንገርዎት። ምዕራፍ ሁለትን፣ የቀደሙ ጥናቶች የሚዳሰሱበትን፣ በአብዛኛው ከሌሎች ቴሲሶች ነው ያመጣሁት። ልጆቼ ከተኙ በኋላ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ቁጭ እልና እንግሊዝኛው አልወጣ ይለኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ የሠራውን ቴሲስ በፍላሽ ሰጠኝና «የፈለግሽውን ውሰጂ» አለኝ። ወሰድኩ። እዚህም እዚያም ቃል ቀያየርኩ። ከጠቀስኳቸው ሊቃውንት የአብዛኞቹን መጽሐፍ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ምዕራፍ አራት ግን የራሴ ነው፤ መጠይቁን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት በእግሬ ዞሬ ነው የሰበሰብኩት።

አሁን ካምፓሱ አጠገብ ቴሲስ የሚሠራ አንድ ልጅ «6,000 ብር ክፈዪ፣ በሁለት ቀን ከ10 በታች አወርድልሻለሁ» ብሎኛል። ፋይሉን ለግምት ልኬለታለሁ። ጓደኞቼ «ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ ደግሞስ ቴሲስ ማን ያነባል?» ይሉኛል። ባለቤቴ ክፈዪና ገላግዪን ይላል። አማካሪዬ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ቁጡ ናቸው። እናቴ ለምርቃቴ ከገጠር ልትመጣ ሽር ጉድ እያለች ነው።

ተማሪ ሲኮርጅ ወረቀት የምነጥቅ ሰው ነኝ። አሁን እንቅልፍ አጣሁ። ያደረግኩት ስርቆት ነው? ባልደረባዬ እኮ ፈቅዶልኛል። ለልጁ ልክፈለው ወይስ ለአማካሪዬ ልናገር? እንደ ታላቅ እህት ይምከሩኝ።

ግራ የገባኝ ነኝ

መልሱ

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ከማንሳታችን በፊት አንድ ሥራ አለሽ። ለዚያ ልጅ አሁኑኑ ደውዪለት፤ ፋይልሽን የትም እንዳይጭነው ንገሪው። ተርኒቲን አካውንቱ እንዲያስቀምጥ ተደርጎ ከተሞላ፣ የገባለትን ጽሑፍ ሁሉ በቋቱ ይይዛል። ልጁ «ስንት እንደሚል ልየው» ብሎ ድራፍትሽን እንዲህ ባለ አካውንት ከጫነው፣ በኋላ ትምህርት ክፍሉ ያረምሽውን ሲያስገባ ማሽኑ ካንቺው ድራፍት ጋር ያመሳስለዋል። 38 የነበረው 90 ሊል ይችላል። በገዛ ጽሑፍሽ ተጠርጣሪ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ቀድሞ ጭኖት ከሆነ ደግሞ መቼ እንደጫነው ጠይቂና ማስታወሻ ያዢ። ይህም ለአማካሪሽ የሚነገር ነገር ነው።

ደወልሽ? እንግዲያው ተረጋግተን እናውራ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብዬ አልተርትብሽም፤ ለተማሪዎችሽ አንቺው ስትተርቺው የኖርሽው ነው። ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ሰነፍ ሴት አልታየችኝም። ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ውላ፣ ቅዳሜና እሁድ ክፍል ገብታ፣ ማታ ልጆቿን አስተኝታ ኮምፒውተር የምትከፍት ሴት ናት የታየችኝ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ድካም፣ በእንግሊዝኛ ያን ሁሉ ገጽ ጻፊ ተብላ፣ ያለቀ ቴሲስ ደግሞ በፍላሽ አጠገቧ ተቀምጦ፣ እጇ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አይከብድም። ግን እስቲ ራስሽን ጠይቂ፤ በእነዚያ ሌሊቶች ያቃተሽ በትክክል ምን ነበር? ጊዜ ነው? እንግሊዝኛው ነው? ወይስ ምዕራፍ ሁለት ለምን እንደሚጻፍ ማንም ቁጭ አድርጎ ነግሮሽ አያውቅም? የሚቀጥሉትን ቀናት በምን እንደምታሳልፊያቸው የሚወስነው ይህ መልስ ስለሆነ ነው የምጠይቅሽ። በእኔ ግምት ብዙ ሰው ላይ ያለው ሦስተኛው ነው። ሪሰርች ሜተዶሎጂ የሚባል ኮርስ ወስደን፣ ኤ አምጥተን፣ የሰው ሐሳብ እንዴት እንደሚጠቀስ ሳናውቅ የወጣን ሞልተናል።

«ስርቆት ነው?» ብለሽኛል። ያደረግሽው ነገር አንድ ዓይነት ስላልሆነ አንድ መልስ ልሰጥሽ አልችልም። ከባልደረባሽ ቴሲስ አንቀጹን እንዳለ አንስተሽ፣ ስሙን ሳትጠሪ ያስገባሽበት ቦታ አለ። እሱ የትም ብትሄጂ ኩረጃ ነው፤ አላለባብስልሽም። ፈቅዶልኛል ያልሽው ይገባኛል፤ እሱን አልበደልሽውም። ነገር ግን ከቴሲሱ ፊት ያለችውን የዲክለሬሽን ገጽ አውጥተሽ አንብቢያት። ሥራው የራሴ ነው፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ለዲግሪ አልቀረበም፣ የተጠቀምኩባቸው ምንጮች ሁሉ በአግባቡ ተጠቅሰዋል ትላለች። ከሥሯ ያንቺ ስምና ፊርማ አለ። ይህን ቃል የምትሰጪው ለፈታኞቹና ነገ ጽሑፍሽን ለሚያነብ ሰው ነው። ባልደረባሽ እነሱን ወክሎ ሊፈቅድልሽ አይችልም። ደግሞስ እሱ ራሱ ከማን እንዳመጣው በምን ታውቂያለሽ? በየቴሲሱ የኸርዝበርግ (ስለ ሥራ ተነሳሽነት የጻፈው ሊቅ) ስም አንድ ፊደል ጎድሎበት ተጽፎ፣ ያው ስሕተት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ አይቻለሁ። መጀመሪያ ማን እንደጻፈው እንኳ አይታወቅም።

ቃል የቀያየርሽበት ሌላ ጉዳይ ነው። ርቤካ ሙር ሃዋርድ የምትባል አሜሪካዊት የጽሕፈት መምህርት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን ጉዳይ አጥንታለች። የሰውን ዓረፍተ ነገር ወስዶ፣ አንዳንዱን ቃል አውጥቶ ሌላ እየተኩ መጣፍ ተማሪዎች በደንብ ያልገባቸው ጽሑፍ ሲገጥማቸው የሚያደርጉት ነው ትላለች፤ ሁልጊዜ ለማታለል ታስቦ አይደለም፣ የመማር አንድ ደረጃም ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ይሁን እንጂ የማስተርስ ቴሲስ ከዚያ ደረጃ አልፈሽ እንዲገኝ ይጠበቃል። ስለዚህ ይህንን ክፍል እንደ ወንጀል ሳይሆን እንዳላለቀ ሥራ ቁጠሪው።

ሦስተኛው ጉዳይ፣ ሰው የማያስተውለው ነው፤ ያላነበብሽውን ሰው አንብቤያለሁ ብሎ መጥቀስ። ስለ መምህራን ተነሳሽነት እስከሆነ ድረስ ምዕራፍ ሁለትሽ ውስጥ ማን እንዳለ ሳላየው እነግርሻለሁ፤ ማስሎ 1943፣ ኸርዝበርግ 1959፣ ማክግሬገር 1960። ምናልባትም «ማስሎ በ1943 የሰውን ፍላጎት በፒራሚድ አሳይቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኖራል፤ ሥዕሉም ከሥሩ። ችግሩ ማስሎ በዚያ ጽሑፉ ላይ ፒራሚድ አልሣለም። የፍላጎቶቹን ተዋረድ በቃላት ነው የገለጸው፤ ሦስት ማዕዘኗን በኋላ የማኔጅመንት ሰዎች ናቸው ያመጧት። አንድ ያነበበ ፈታኝ «እስቲ የትኛው ገጽ ላይ ነው?» ቢልሽ ምን ትመልሻለሽ? መፍትሔው ቀላል ነው። ማስሎን ያገኘሽው በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ከሆነ፣ ማስሎ እገሌ ውስጥ እንደተጠቀሰ ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ ሪፈረንስ ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው በእጅሽ የያዝሽው የእገሌ መጽሐፍ ነው። አያሳፍርም። ከዚያ የሚሻለው የማስሎን ጽሑፍ ራሱን መፈለግ ነው፤ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፣ ደግሞም የመጽሔት መጣጥፍ ነው እንጂ ወፍራም መጽሐፍ አይደለም።

አሁን ወደዚህች 38 እንምጣ። ተርኒቲን ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ የሚሠራውም አንድ ነገር ነው። ቃላት በተከታታይ ከሌላ ጽሑፍ ጋር የሚገጥሙበትን ቦታ ከድረ ገጾች፣ ከመጽሔቶችና ቀደም ሲል ከገቡ የተማሪ ሥራዎች ጋር እያስተያየ ያቀልማል። ኮርጃለች አልኮረጀችም ብሎ አይፈርድም፤ ድርጅቱ ራሱም ይህንኑ ነው የሚለው። ከ38ቱ ውስጥ ስንቱ የሪፈረንስ ዝርዝርሽ ነው? ስንቱ በትምህርተ ጥቅስ የተቀመጠ ነው? ስንቱ ማንም ቴሲስ ላይ የሚገኘው የሽፋንና የዲክለሬሽን ገጽ ነው? ሪፈረንሱንና ጥቅሱን ሳይቆጥር እንዲያሳይ ማስተካከል ይቻላል፤ ተደርጎ እንደሆነ ጠይቂ። የተነገረሽ ቁጥሩ ብቻ ከሆነ ሙሉ ሪፖርቱን አምጡልኝ በያቸው። መጠየቅ ነውር የለውም። በሌላ በኩል፣ 12 በመቶ ያለው ጽሑፍ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አሥራ ሁለቱ ከአንድ ሰው ቴሲስ የተገለበጡ ተከታታይ ገጾች ሊሆኑ ይችላሉ።

ለዚህ ነው ልጁን አትክፈዪው የምልሽ። እሱ የሚሸጥልሽ ቁጥሩን ነው። ሐሳቡ የሰው እንደሆነ ይቀራል፤ ምንጩ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። የሚጠቀመው ቃል የሚቀያይር ፕሮግራም ከሆነ ምን እንደሚያመጣብሽ ልንገርሽ። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ጊዮም ካባናክ የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በሳይንስ መጽሔቶች ውስጥ እንዲህ የተጣመሙ አባባሎችን ለቅመው አወጡ። «የጡት ካንሰር» የነበረው «የደረት አደጋ» ሆኗል። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የነበረው «ሐሰተኛ ንቃተ ሕሊና» ሆኖ ታትሟል፤ ገምጋሚ አልፎት ማለት ነው! ያንቺም «የመምህራን ተነሳሽነት» «የአስተማሪ መገፋፋት» ሆኖ ዲፌንስ ላይ ሲነበብ ይታይሽ። በቻትጂፒቲ ከሠራው ደግሞ የሌለ መጽሐፍ ከሌለ ገጽ ጋር ፈጥሮ ሊያስገባብሽ ይችላል። ተርኒቲንም ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በማሽን የተጻፈ የሚመስለውን የሚጠቁም ክፍል አለው። ያ ክፍል ይሳሳታል፤ ቢሳሳትም ግን መልስ የምትሰጪው አንቺ ነሽ። ልጁ ዲፌንሱ ላይ አጠገብሽ አይቀመጥም።

«ቴሲስ ማን ያነባል?» ላሉሽ ጓደኞችሽ አንድ ታሪክ ልንገራቸው። አኔተ ሻቫን የጀርመን የትምህርት ሚኒስትር ነበረች። የዶክትሬት ጽሑፏን ለዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበችው በ1980 ነው፤ ያኔ ተርኒቲንም ጉግልም የለም። በ2012 ማንነቱን ያልገለጸ ሰው ጽሑፏን ገጽ በገጽ መርምሮ ኢንተርኔት ላይ አወጣው። በየካቲት 2013 ዩኒቨርሲቲው ዲግሪውን ነጠቃት፤ በቀናት ውስጥ ሥልጣኗን ለቀቀች። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ያንቺና የሚኒስትር ጉዳይ አንድ ነው እያልኩ አይደለም፤ ማንም የምክትል ርዕሰ መምህርት ቴሲስ እያሳደደ አይመረምርም። ግን ቴሲስ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣበት ዘመን አልፏል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹን ቴሲሶች ማንም እንዲያነባቸው ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል። የባልደረባሽ ቴሲስ ያስያዘሽም እኮ እንዲሁ ኢንተርኔት ላይ ስለተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ነገ ርዕሰ መምህርት ወይም የወረዳ ኃላፊ ስትሆኚ፣ ወንበሩን የሚፈልግ ሰው ስምሽን ጉግል ላይ ሲጽፍ የሚያገኘው ምን ይሁን?

ደግነቱ ገና አልቀረብሽም። በእጅሽ ያለው ድራፍት ነው። ድራፍት ደግሞ እንዲታረም ነው የሚጻፈው።

ሥራው እንዲህ ይሁን። ምዕራፍ ሁለትን አትሚና ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ይዘሽ ተቀመጪ። ራስሽ ያሰብሽውን በአንዱ፣ አንብበሽ የጠቀስሽውን በሌላው፣ የተገለበጠውን በቀይ አስምሪ። ማንም ስለማያይሽ አትሳሺ። ከዚያ ቀዩን ለማዳን አትሩጪ፤ መጀመሪያ «ይህ አንቀጽ ለእኔ ጥናት ምን ይሠራል?» በዪ። የተነሳሽነት ትርጉም በሰባት ሊቃውንት አስተያየት ተደርድሮ ከሆነ ስድስቱ ቢወጡ ማንም አይናፍቃቸውም። ገጹ ያንሳል ብለሽ አትፍሪ። አጭርና የራስሽ የሆነ ምዕራፍ ሁለት ከረጅሙ የተሻለ ያስከብርሻል፤ ይህን የምልሽ ረጃጅሞቹን በማንበብ ዓይኔን የጨረስኩ ሰው ነኝ።

የቀረውን እንደገና ጻፊው። እንዴት ላልሽው በአማርኛ ላሳይሽ። እገሌ የሚባል ሰው በ2011 ባወጣው መጽሐፍ ገጽ 42 ላይ እንዲህ ብሏል እንበል፦ «የመምህራን ተነሳሽነት የሚቀንሰው በደመወዝ ማነስ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ አመራር ጥረታቸውን ባለማየቱ ጭምር ነው።» አንቺ ምን አደረግሽ? «የመምህራን ሞራል የሚወርደው በክፍያ ማነስ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ልፋታቸውን ባለማስተዋሉም ጭምር ነው» አልሽ። መጨረሻው ላይ (እገሌ፣ 2011) ብትዪበትም አይበቃም። አጥንቱ የእገሌ ነው፤ አንባቢው ግን አነጋገሩ ያንቺ ይመስለዋል። ሁለት የጸዳ መንገድ አለሽ። አንደኛው የእሱን ቃል እንዳለ በትምህርተ ጥቅስ አስቀምጦ ስሙን፣ ዓመቱንና ገጹን መጥራት ነው። በኤፒኤ (የምንጭ አጠቃቀስ ሥርዓት) ደንብ ጥቅሱ 40 ቃልና ከዚያ በላይ ከሆነ ትምህርተ ጥቅሱ ይቀርና ራሱን ችሎ ገባ ብሎ ይጻፋል። ይህን መንገድ ግን ቆጥበሽ ተጠቀሚበት። ሁለተኛው እንዲህ ነው፦ «እገሌ (2011) ከደመወዙ ይልቅ ዓይኑን የሚጥለው አመራሩ ላይ ነው፤ የሠሩትን የሚያይላቸው ሲያጡ መምህራን ይቀዘቅዛሉ ይላል። በዚህ ጥናት ከተጠየቁት መምህራን ብዙዎቹ የተናገሩትም ወደዚሁ ያደላል።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አየሽው? እሱን ባልደረባሽም ሆነ ኢንተርኔት ሊሰጡሽ አይችሉም። በእግርሽ ዞረሽ ያመጣሽው ነው።

እዚያ ለመድረስ የምመክርሽ ዘዴ እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው ሰው ይሆናል። አንቀጹን አንብቢ። ኮምፒውተሩን ክደኚው። ለመምህራን ማረፊያ ክፍል ጓደኛሽ ሻይ ላይ እንደምትነግሪያት አድርገሽ በአማርኛ ተናገሪው፤ «ሰውዬው ምን ይላል መሰለሽ…» ብለሽ። ካልወጣልሽ አልገባሽም ማለት ነው፣ ተመልሰሽ አንብቢ። ከወጣልሽ የተናገርሽውን በምትችይው ቀላል እንግሊዝኛ ጻፊው፤ አጭር ዓረፍተ ነገር አያሳፍርም። ምንጩን ያን ጊዜውኑ አስገቢ፤ «በኋላ እሞላዋለሁ» ያልሽው ሁሉ ነው ዛሬ ያስቸገረሽ። በመጨረሻ ከዋናው ጋር አስተያዪውና ሳታውቂ የወሰድሽው ሐረግ ካለ አውጪው። ባለቤትን ጠርቶ መናገር ደግሞ የፈረንጅ ወግ ብቻ አይደለም። የአንድምታ መምህራን ጥቅስ ባመጡ ቁጥር እንዲል ዳዊት፣ እንዲል ጳውሎስ እያሉ ነው የሚያልፉት።

ለሪፈረንሱ ዞቴሮ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኚ፤ ድካምሽን ያቀልልሻል። ብቻ በሁለት ነገር እንዳያሳስትሽ። አንደኛው የኛ ስም ነው። ፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ ያለውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይይዛል። ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ» ብሎ ይጠቅሳቸውና አባታቸውን ደራሲ ያደርጋቸዋል። ስሙን በአንድ ሳጥን ሙሉውን የምትጽፊበት ምርጫ አለው፤ ለኢትዮጵያውያን እሱን ተጠቀሚ። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የቀድሞው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የወጣው በኛ 1986 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1994። በእንግሊዝኛ ቴሲስ ውስጥ 1986 ብለሽ ዝም ካልሽ ፖሊሲውን ደርግ አወጣው ማለትሽ ነው! ይህ እንደ ኩረጃ አይቆጠርም፤ ግን ፈታኝ የሚይዘው እንዲህ ያለውን ነው።

አሁን ከባዱ። ለአማካሪሽ ንገሪያቸው። እኔ ብሆን ባዶ እጄን አልሄድም። ሙሉ ሪፖርቱን፣ በሦስት ቀለም ያሰመርሽውን ምዕራፍና እንደገና የጻፍሻቸውን ጥቂት ገጾች ያዢ። ንግግሩን አታብዢው፦ «ዶክተር፣ የ38ቱን ምክንያት አውቀዋለሁ። ምዕራፍ ሁለት ላይ ከሌላ ቴሲስ የወሰድኳቸው፣ ምንጭ ያልጠቀስኩባቸው አንቀጾች አሉ። እንደገና እየጻፍኩት ነው፣ ይኸው ጀምሬያለሁ። ሦስት ሳምንት ካልበቃኝ ወደሚቀጥለው ዙር መዛወር እችል ይሆን?» ስለ ልጆችሽና ስለ ድካምሽ ከጠየቁሽ ንገሪያቸው፤ ሳይጠይቁሽ ግን በእሱ አትጀምሪ። ፋይሉ እዚያ ልጅ ዘንድ መሄዱንም አንሺ።

ይቆጡ ይሆናል። ስማቸው አብሮ ሽፋኑ ላይ ስለሚወጣ የመቆጣት መብት አላቸው። እዚያው ቁጭ ብለሽ አሳልፊው። እንዳትታለዪ ልንገርሽ፣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የሴኔት ሌጂስሌሽን (የውስጥ መተዳደሪያ ደንብ) አለው፤ አንዳንዱ ጥብቅ ነው። ከመሄድሽ በፊት ስለ ኩረጃ የሚለውን ክፍል አግኝተሽ አንብቢ። ነገር ግን ራሷ መጥታ ያሳየችን ተማሪና ዲፌንስ ላይ የተያዘችን ተማሪ አንድ አድርጎ የሚያይ መምህር ብዙ አላጋጠመኝም።

ባለቤትሽ «ገላግዪን» ያለው ደክሞት ነው ብዬ እገምታለሁ። ማስተርስሽን እሱም አብሮ ተሸክሞታል። ብሩን ሌላ ቦታ አውዪው በዪው። ከ6,000ው ጥቂቱን ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ ልጆቹን የሚይዝ ሰው አግኙበት። ከተረፈ ደግሞ ጽሑፉን ራስሽ ከጨረስሽው በኋላ ሰዋስውና ፊደል ብቻ ለሚያይልሽ የእንግሊዝኛ መምህር ክፈዪ። አማካሪሽ ካወቁትና ምስጋናው ገጽ ላይ ስሙን ካነሳሽው ምንም ነውር የለበትም።

ለባልደረባሽም አንድ ስልክ ደውዪለት። ቴሲሱን ከጠቀስሽው በስሙ ሪፈረንስሽ ውስጥ እንደምታስገቢው፣ የቀረውን እንዳወጣሽው ንገሪው። ሪፖርቱ ላይ የእሱ ስም ወጥቶ ከሰው አፍ እንዳይሰማ።

እናትሽን በተመለከተ፣ አማካሪሽን እስክታናግሪ ድረስ ቀኑን ቁርጥ አድርገሽ አትንገሪያት። ጠላው እንዳይጠመቅ፣ ዘመድ እንዳይጠራ። የሚዛወር ከሆነ «ማረም ያለብኝ ነገር አለ፣ ቀኑ ገፋ» ማለት ይበቃል፤ ውሸትም የለበትም። አሁን ሪፖርቱን ጠይቂ፤ ከመጣልሽ በኋላ የከበደሽ ነገር ካለ ጻፊልኝ።